ለ40 ቀን ከስልኬ ሸሸሁ፤ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከለቅሶ ግን ቀረሁ

የሐይቅ_ዳር_ልጅ · መስከረም 8 ቀን 2017 · ምሽት 2:15

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን አደረሳችሁ። ዓመቱ ከገባ ሳምንት ሆነው፤ ቢዘገይም ይቆጠርልኝ። ነገሬ ረዘም ይላል። ቡና የፈላላችሁ ቅዱና አንብቡ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ነን። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 5፣ ድፍን 40 ቀን፣ ፌስቡክም ቲክቶክም ኢንስታግራምም ቴሌግራምም አጥፍቼ ከረምኩ። ያገኘሁትንም ያጣሁትንም ልንገራችሁና ምክር ልጠይቅ።

መነሻው ሐምሌ ነው። ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ያለቀ ሰሞን። ሌሊት ሌሊት ቪዲዮውን ነበር የማየው። ሰው በእጁ ጭቃ ሲምስ። አንዱን ስጨርስ ሌላው ይመጣል። ቀጥሎ አንዷ ትደንሳለች። ቀጥሎ ዶላር ስንት ገባ። ቀጥሎ አንዱ ቪላ ቤቱን ያስጎበኛል። ከዚያ እንደገና ጭቃው። አልቅሼ ሳልጨርስ እስቃለሁ፣ ስቄ ሳልጨርስ እናደዳለሁ። ቀና ስል ሌሊት 8 ተኩል ሆኗል። ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ መገኘት አለብኝ።

አንድ ማታ እናቴ ሽሮ እያማሰለች «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «ታዲያ ፊትሽ ምነው የለቀስተኛ ሆነ?» መልስ አጣሁ። የሞቱትን አላውቃቸውም። ለተረፉት ደግሞ ያደረግኩት አንድም ነገር የለም። እርዳታ ሲሰበሰብ እንኳን ብር አልላክሁም። ዝም ብዬ አየሁ፣ አየሁ፣ አየሁ።

ፍልሰታ ሲገባ «ከሥጋው ጋር ስልኩንም ልጹም» አልኩ። ያኔ ሐሳቤ ጾሙ እስኪፈታ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስለ አውራ ጣቴ ነው የምነግራችሁ። ቲክቶክ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጣቴ ግን እዚያው ሄዶ ይጫናል። ባጃጅ ስጠብቅ ይጫናል። ሻይ እስኪፈላ ይጫናል። አፑን ሳጠፋው የባንኬ አፕ ወደዚያ ቦታ ተንሸራቶ ኖሮ፣ ሳላስበው በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ሒሳቤን ከፍቼ አየሁ። ሒሳቤ ደግሞ ስላዩት አይጨምርም።

በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ መጣ። ዝም ብሎ መጣ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይከደናል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያለ አላርም እነቃለሁ። ጠዋት ጊዜ ተረፈኝ። የተረፈ ጊዜ ምን እንደሚደረግበት ጠፍቶኝ ነበር፤ ይሄን ማንም አልነገረኝም። አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ፣ በጠዋት እዚያ የሄድኩበትን ቀን አላስታውሰውም። ጀልባዎቹ ገና እየገቡ ነው። አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሮሶ ይገፋል። ጭራው ላይ አንዴ ጫር፣ ከዚያ ቆዳው እንደ ካልሲ ይወልቃል። ዓይኑ ቢላው ላይ አይደለም፣ ከጓደኛው ጋር ይጨቃጨቃል። ከኋላው አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ ቆሞ አንጀቱን ይጠብቃል። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ቪዲዮ ላነሳ። ለማን? መለስኩትና ዝም ብዬ አየሁ። ጥሬ አሳ በዳጣ በላሁ፣ አፌ ተቃጠለ፣ ቤት ገባሁ።

ጾሙ ሲፈታ «ልቀጥል» ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ነሐሴ 23 ገበያ ውስጥ የድሮ የክፍላችን ልጅ አገኘችኝና «የጓደኛሽን እናት ለቅሶ ምነው ቀረሽ?» አለችኝ። ደርቄ ቀረሁ። ነሐሴ 12 ነው ያረፉት። እንጀራቸውን በልቼ ያደግኩ፣ ፀጉሬን የሠሩኝ ሴትዮ ናቸው። መርዶው የተነገረው በክፍላችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ቤቱ ቱላ በኩል ስለሆነ ድንኳኑንም አላየሁም። ቀብሩም ሣልስቱም አልፏል።

በዚያው ቀን እናቴን ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አቀፍኳት፤ አላቀፈችኝም። ስልክ አጥፍቼ ነበር አልኳት። «300 ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ» አለች። «ቁጭ ብዬ ስምሽን ፈለግኩት።»

ይኸው ነው። አሁን አፖቹን መልሼ ልጫን እያልኩ እጄ ይፈራል። ከተመለስኩ ጭቃው ይጠብቀኛል። ካልተመለስኩ ሰው ይቀየመኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

---

ባለ_ባጃጅ · መስከረም 8 · ምሽት 2:41

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የባንክ አፑ ነገር ግን ገደለኝ ሃሃሃ።

እኔም ፒያሳ ተራ ስጠብቅ ስልክ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ገብቶ ተቀምጦ፣ ወርዶ፣ ሌላ ባጃጅ ይዞ ሄዷል። ያወቅኩት ከኋላዬ ያለው ክላክስ ሲያደርግብኝ ነው።

እኔ ግን የምለው፣ 2015 ላይ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ ተዘግቶ አልነበር? አምስት ወር እረፍት ተሰጥቶን ማን አረፈ? ሁላችንም ቪፒኤን ጫንን። ስልኬ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ተሳፋሪው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት «የትኛው ቪፒኤን ነው የሚሠራው?» ይለኛል። ከልክለውህ ስትተወውና ራስህ ስትተወው አንድ አይደለም መሰለኝ። አንቺ ራስሽ ስለዘጋሽው ነው እንቅልፍ የመጣው።

---

እውነቱን_ልናገር · መስከረም 8 · ምሽት 3:05

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ የደመወዝተኛ ወሬ ነው። ጠዋት የምትሄጂበት ቢሮ አለሽ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው ቴሌግራም ላይ ነው። እሱን ዘግቼ ምን ልይ? ግድግዳ? ሰው የሚጨንቀው በኑሮው ነው፣ በስልኩ አይደለም። ስልኩን ጥፋተኛ ማድረግ ቀሎ ነው።

---

የሐይቅ_ዳር_ልጅ · መስከረም 8 · ምሽት 3:20

ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም፤ ያልከው እውነትነት አለው። እኔም ስልኬን ሳጠፋ የቤት ኪራዩ አልጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማስታወቂያውን አይተህ ስትጨርስ ትዘጋዋለህ? እኔ ብሆን አልዘጋውም። አንድ ደቂቃ ለሥራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ለሰው ሠርግ።

---

እውነቱን_ልናገር · መስከረም 8 · ምሽት 3:26

የሰው ሠርግ አላይም።

የሰው መኪና ነው የማየው።

---

ባለ_ባጃጅ · መስከረም 8 · ምሽት 3:28

ሃሃሃሃ ነቄ ብላለች

---

ነጭ_ጋውን · መስከረም 8 · ምሽት 4:10

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ሐዋሳ ነው የምሠራው። ከሥራ ወጥቼ ነው የማነበው፣ አጭር ለማድረግ እሞክራለሁ (አልችልም)።

ስለዚህ ጉዳይ ከተጠኑት ሁለቱን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካው ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 143 ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንደልባቸው ተጠቀሙ። ሌሎቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን በቀን ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀነሱት ልጆች የብቸኝነትና የድብርት ስሜታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀለል ብሎ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ቀነሱ እንጂ አላጠፉም።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ምርጫ በፊት የተሠራ ነው። ወደ 2,700 ሰዎች ተመዝግበው፣ የተወሰኑት ገንዘብ ተከፍሏቸው ፌስቡክን ለአራት ሳምንት ዘጉ። በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ተረፋቸው። ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ያሳለፉት ጊዜ ጨመረ። ደስታቸውም ጨመረ፣ ግን ትንሽ ነው፤ ተአምር አትጠብቁ። እህቴን የሚመለከተው ደግሞ ይሄ ነው፤ የዘጉት ሰዎች ስለ ወቅቱ ዜና የሚያውቁት ቀነሰ። ያንቺ መርዶ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እረፍቱ ሠርቷል፣ ዋጋም አስከፍሏል። ሁለቱም እውነት ነው።

እውነቱን ልናገር ላልከው ወንድሜም፦ ልክ ነህ፣ ኑሮ ነው የሚያስጨንቀው። የተጨነቀ ሰው ግን እንቅልፍ ካጣ ጭንቀቱ በእጥፍ ይሆናል። ስልኩ የሚሰርቀው መጀመሪያ እንቅልፍን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ስልክ ዘግተሽም ከሁለት ሳምንት በላይ ልብሽ ካልፈካ፣ ምግብ ካልበላሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ትወጂው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ያ የስልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕክምና አለው። «ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሰው ተናግሮ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበልም ጸሎትም የሚሄድ ይሂድ፣ እኛም ጋ ይምጣ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

---

ቀሚስ_በሐዋሳ · መስከረም 9 · ጠዋት 3:30

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ቲክቶክና ቴሌግራም ነው፤ ሌላ ሱቅ የለኝም። ስለዚህ «40 ቀን አጠፋሁ» ስትሉ ለኔ «40 ቀን ሱቅ ዘጋሁ» ማለት ነው።

ግን እኔም ልታመም ነበር። ቀሚሶቹን ራሴ ለብሼ ነበር የማነሳው። አንድ ቀን አንዱ ሥር ገብቶ «ቀሚሱ ያምራል፣ መስቀያው ነው ያልሆነው» ብሎ ጻፈ። መስቀያው እኔ ነኝ። 90 ምናምን ላይክ አገኘ። ያን ቀን ስድስት ቀሚስ ሸጫለሁ፤ ስድስቱንም የገዙኝ ሴቶች «ቀሽት ነው» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ ግን ማታ ራት አልበላሁም። አልጋ ላይ ሆኜ ያንን አንድ ኮሜንት እየከፈትኩ ላይኩ ስንት ደረሰ እያልኩ አያለሁ። ማን ነው ላይክ ያደረገው እያልኩ አንድ በአንድ እገባለሁ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት።

እና ምን አደረግኩ? ቀሚሱን እውነተኛ መስቀያ ላይ ሰቅዬ ማንሳት ጀመርኩ። ሽያጩ አልቀነሰም። ኮሜንቱን የምታነበው እህቴ ናት፤ «ዋጋ ስንት ነው» የሚለውን ብቻ ትነግረኛለች፣ ሌላውን ታጠፋዋለች። በወር አንድ ቀሚስ እሰጣታለሁ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ላይ ፖስት አድርጌ እወጣለሁ። እሁድ ስልኩ እሷ ጋ ነው የሚያድረው።

ለቅሶውን በተመለከተ ግን እህቴ፣ ጓደኛሽ ላይ እፈርዳለሁ። ሄደሽላት የለ? ኮሜንት ምንድነው? እኔ ጋ በቀን ስንት «ነፍስ ይማር» ይጻፋል፤ ጽፎ ወዲያው ጫማ ዋጋ የሚጠይቅ አለ።

---

ጡረታ_ላይ_ያለሁ · መስከረም 9 · ቀን 9:50

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። 31 ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ይህን ውይይት ልጄ ከፍታ ሰጠችኝ።

ድሮ በእኛ ሰፈር የእድሩ ለፋፊ ከጎህ በፊት ጥሩምባ ይነፋ ነበር። «የእገሌ ቤት!» ሲል ሰው በእንቅልፍ ልቡ ጫማውን ይፈልጋል። አልሰማሁም የሚባል ነገር የለም። ጥሩምባው ሲነፋ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላው ዘፈን የለ፣ ዶላር የለ፣ የሰው ቪላ የለ። አሁን መርዶውም ዳንሱም በአንድ ቱቦ ነው የሚመጣው። ይህች ልጅ ዳንሱን ልዝጋ ብላ መርዶውን ዘጋች። ምን ታድርግ?

ስለዚህ ምክሬ የተለየ ነው። ከአንድ ጎረቤትና ከአንድ የክፍልሽ ልጅ ጋር ተነጋገሪ። «ለቅሶና ሕመም ሲኖር በስልክ ደውሉልኝ» በያቸው። የሰው ጥሩምባ ያዢ። እኔ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያ ከሚጠብቁኝ ሦስት ጡረተኞች ያልሰማሁት ነገር ፌስቡክ ላይ የለም። ጉሬዛዎቹ እንኳን አውቀውናል።

---

ከሪያድ · መስከረም 9 · ምሽት 5:12

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሥራ ጨርሼ አሁን ነው አልጋዬ ላይ የወጣሁት።

የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አቶቴ ነው ያደግኩት። ሰው ቤት እሠራለሁ። ቀን ስልኬን መዳም ነው የምታስቀምጠው። ማታ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይሰጠኛል። እናንተ እረፍት የምትሉት ስልክ ማጥፋትን ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ አጥፍቼ ነው የምውለው፤ የማርፈው ስከፍተው ነው። የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ፣ የሰፈሬን መንገድ በሰው ቪዲዮ አያለሁ። ባለፈው አንዱ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ዝም ብሎ ቀርጾ ለቀቀው። ወሬ የለበት፣ ዘፈን የለበት። አራት ጊዜ አየሁት።

ቀሚስ በሐዋሳ፣ እህቴ፣ «ኮሜንት ምንድነው» ላልሽው ልመልስልሽ። አባቴን የቀበርኩት በቪዲዮ ነው። ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ቆመ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አፈሩ ሲገባ አላየሁም። ከዚያ ማታ ላይ ሰው የጻፈውን አነበብኩ፣ አንድ በአንድ፣ ስም በስም። አጠገቤ የሚያለቅስ አንድ ሰው የለም። ለኔ ያ ነበር ድንኳኑ። የሐይቅ ዳር ልጅ ጓደኛ ስሟን የፈለገችው ለዚህ ይሆናል። አትፍረጂባት።

---

ቀሚስ_በሐዋሳ · መስከረም 9 · ምሽት 5:30

የኔ እናት፣ አፌ ቁርጥ ይበል። አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ያጽናሽ።

---

ባለ_ባጃጅ · መስከረም 9 · ምሽት 5:44

ከገብርኤል እስከ ሐይቁ? እሁድ ጠዋት እኔ እቀርጽልሻለሁ። አቶቴንም እዞርልሻለሁ። ዘፈን አልከፍትም።

---

የግቢ_ልጅ · መስከረም 10 · ቀን 7:15

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ተማሪ ነኝ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼ የጫንኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ልምድ አለኝ። በመውደቅ።

ለምን ከባድ እንደሆነ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ድሮ ድረ ገጽ ሲነበብ ታች ስትደርስ «ቀጣይ ገጽ» ይልህ ነበር። እዚያ ላይ «ይብቃኝ» ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ያንን ቁልፍ የሚያስቀር አሠራር ፈጠረ። ታች ስትደርስ ራሱ ይጨምርልሃል። ሰውዬው በኋላ ተጸጽቻለሁ ብሏል። ጋዜጣ ያልቃል፣ መጽሐፍ ያልቃል፣ ጫት እንኳን ያልቃል። ይሄ ብቻ ነው የማያልቀው። ሌላው ደግሞ እንደ ቶምቦላ መሆኑ ነው። አሥር ቪዲዮ ቀሽም፣ አሥራ አንደኛው ያስቅሃል። ሁሌ ቢያስቅ ኖሮ ቶሎ ይሰለቸን ነበር። መቼ እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው የሚያስቀምጠን።

የሠራልኝ ነገር፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬን ለዶርም ጓደኛዬ አስረክባለሁ፣ የሱን እኔ እይዛለሁ። ምርኮኛ እንደ መለዋወጥ በሉት። ሌሊት «ስጠኝ» ብሎ መቀስቀስ ያሳፍራል። ያ እፍረት ከየትኛውም አፕ ይበልጣል። ከዚህ ሌላ የስልኩን ስክሪን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። ቲክቶክ በጥቁርና ነጭ የ1960ዎቹ ዜና ነው የሚመስለው፤ አስር ደቂቃ አያስቀምጥም።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ላንቺ ጉዳይ ደግሞ ቀላል መላ አለ። ፌስቡክን «ዲአክቲቬት» ማድረግና ጨርሶ ማጥፋት ይለያያሉ። ዲአክቲቬት ስታደርጊው ገጽሽ ይሰወራል፣ ሜሴንጀር ግን ይሠራል። ሰው ይጽፍልሻል፣ አንቺም ትመልሻለሽ፤ የሚጎርፈው ነገር ግን የለም። ጨርሶ ማጥፋት ከመረጥሽ 30 ቀን ይሰጥሻል፤ በዚያ ውስጥ ከተመለስሽ ማጥፋቱ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻናሎቹን ሁሉ ለቀሽ ውጪና የክፍላችሁን ግሩፕና የእድሩን ብቻ አስቀሪ። እንዲደወል የምትፈቅጂው ለነሱ ብቻ።

---

እውነቱን_ልናገር · መስከረም 10 · ቀን 8:02

የቻናሉን ነገር ሞከርኩት። 64 ቻናል ውስጥ ነበርኩ። ሥራ የሚለጥፉት አምስት ናቸው። 59ኙን ለቀቅኩ።

ሥራ አላገኘሁም አሁንም። ለመረጃ ያህል ነው።

---

ነጭ_ጋውን · መስከረም 10 · ቀን 8:20

መረጃው ደርሶናል ወንድሜ። አምስቱን በጠዋት እያቸው፣ ማታ አትያቸው። የእምቢታ መልእክት ማታ ሲነበብ ይከብዳል።

---

የሐይቅ_ዳር_ልጅ · መስከረም 11 · ምሽት 3:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ቲክቶክን አልመለስኩም። ፌስቡክ እንደተባልኩት ዲአክቲቬት ነው፣ ሜሴንጀር ገብቷል። ቴሌግራም ጫንኩና ሦስት ግሩፕ ብቻ አስቀረሁ፦ የክፍል ልጆች፣ የሰፈር፣ የቢሮ። ስከፍተው 4,000 ምናምን ያልተነበበ መልእክት ነበር። የክፍላችንን ብቻ ወደ ላይ ሄጄ ነሐሴ 12ን አገኘሁት። መርዶው አለ። ከሥሩ የሰው ስም ተደርድሯል። ከዚያ ደግሞ ጓደኛዬ ራሷ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ «የመጣችሁም የጻፋችሁም እግዜር ይስጥልኝ» ብላለች። ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ ያልሽው ገባኝ። እኔ ስልክ የዘጋሁት ከማላውቃቸው ሰዎች ሐዘን ለመሸሽ ነበር። የማውቀውን ሰው ሐዘን አብሬ ዘጋሁት።

መምህር፣ እርስዎ ባሉት መሠረት የሰው ጥሩምባ ይዣለሁ። ገበያ ያገኘችኝ ልጅ ናት። «ሞት ሲኖር ደውዪልኝ» ስላት «ለልደትስ?» አለችኝ። ለልደትም አልኳት።

ጓደኛዬ ጋ ትናንት ደወልኩ። አላነሳችም። ዛሬ ጠዋት ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። የእናቷ አርባ መስከረም 16 ነው፣ የደመራ ዕለት። ሰው ሁሉ ወደ ደመራው ስለሚሄድ የሚያግዝ እንደሚጎድል አውቃለሁ። ኮሜንት አልጻፍኩም። አጭር መልእክት ላክሁ፦ «ዋዜማውን መጥቼ ላድር፣ ሽንኩርት ልላጥ።»

ቀኑን ሙሉ ስልኬን አየሁት። ይሄን አልደብቅም። በ40 ቀን ያልነካሁትን ያህል ዛሬ ነካሁት። አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት መለሰች። አራት ቃል ናት።

«ቢላ ከቤትሽ ይዘሽ ነይ።»

---

ቀሚስ_በሐዋሳ · መስከረም 11 · ምሽት 3:52

እልልል። አልቅሻለሁ።

---

ከሪያድ · መስከረም 11 · ምሽት 5:20

ለኔም አንድ ሽንኩርት ላጪልኝ።

---

ጡረታ_ላይ_ያለሁ · መስከረም 11 · ሌሊት 7:05

እሰይ ልጄ። እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥሩምባ ምናምን ብዬ ስመክራችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የፖለቲካ ክርክር ሳይ ነው የማመሸው። ዛሬም ሦስተኛው ላይ ነኝ። አንደኛው ሰውዬ ፈጽሞ አይገባውም፤ መልስ ልጽፍለት እያሰብኩ ነው።

---

ባለ_ባጃጅ · መስከረም 11 · ሌሊት 7:09

መምህር፣ ሌሊት 7 ሰዓት አልፏል እኮ። ጠዋት ጉሬዛዎቹ ይጠብቁዎታል። ይተኙ።

---

ጡረታ_ላይ_ያለሁ · መስከረም 11 · ሌሊት 7:11

አንተስ ለምን አልተኛህም?